አሻራው ይቅር ላሜራው ይወፍር፦ በአነስተኛ በጀት የገዛኋቸው ሦስት የመሳሪያ ካዝናዎች

ቤቴ ውስጥ ያለው መሳሪያ አንድ ሽጉጥና ሁለት ጠመንጃ ነው፣ ሁሉም ፈቃድ አላቸው፣ አንደኛው ጠመንጃ ከአባቴ የወረስኩት ነው። ለነዚህ ለሦስቱ ብዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ካዝና ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርካሽ ነበሩ፣ ርካሽ ስል ደግሞ አንዱ ለብቻው ሲታይ ነው እንጂ የሁለቱ ሂሳብ ሲደመር ሦስተኛውን ገና ከጅምሩ ለመግዛት ትንሽ ነበር የሚቀረው። የድርጅቶቹን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም አንድ አይነት እቃ በአስር ስም ነው የሚሸጠው፣ ቀለሙና ስቲከሩ ብቻ ነው የሚለያየው።

መጀመሪያ ግን ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፣ ካዝናው የሚከለክለው ማንን ነው? ልጅ፣ እንግዳ፣ ቤት ውስጥ ገባ ወጣ የሚል ሰው ከሆነ ደህና ቁልፍ ያለው ቀላል ሳጥንም ይበቃል። ሌባ ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው። እሳት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ። ትንሽ ብር ይዞ ሦስቱንም እችላለሁ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አንዱ ላይ እየዋሸ ነው፣ ብዙ ጊዜ እሳቱ ላይ።

የመጀመሪያው ግዢዬ ለሽጉጡ የሚሆን በአሻራ የሚከፈት ትንሽ ሳጥን ነበር። ሲያዩት ያምራል እኮ፣ ጣት ስታስነኩት ሰማያዊ መብራት ያበራል፣ ጠቅ ይልና ክዳኑ በስፕሪንግ ብድግ ይላል፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ለመጣ ሰው ሁሉ እያሳየሁ ነበር (ይሄ ራሱ ጅልነት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፣ ካዝና ያለው ሰው ካዝና አለኝ አይልም)። ከዛ አንድ ቀን እጄን ታጥቤ መጥቼ ብነካው ቀይ መብራት። ጠርጌ ነካሁት ቀይ። ሌላ ጣት፣ ቀይ። እርጥብ ጣት አያነብም፣ ቅባት የነካው ጣት አያነብም፣ ግቢ ውስጥ ስቆፍር ውዬ የሻከረ ጣት ደግሞ ጭራሽ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። አንዱን ጣት አምስት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ መዝግቤ ትንሽ ተሻሻለ፣ ግን አስር ጊዜ ስነካው ሁለቴ ሦስቴ እምቢ ማለቱን አልተወም። "ለአደጋ ጊዜ በሰከንድ ይከፈታል" ተብሎ የተሸጠ እቃ ነው እንግዲህ።

ይሄም ይሁን። የባሰው በተቃራኒው ነው፣ መከፈት የሌለበት ጊዜ መከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ወደ 61 ሺህ የሚጠጉ በአሻራ የሚከፈቱ የመሳሪያ ካዝናዎች ከተጠቃሚዎች እጅ እንዲመለሱ ተጠርተው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንዲህ አይነቱ ሳጥን አሻራ እስኪመዘገብበት ድረስ ለማንም ጣት ነው የሚከፈተው፣ ባለቤቱ መዝግቤዋለሁ ብሎ ያስባል፣ ምዝገባው ግን በትክክል አላለቀም፣ የሱን ጣት ሲከፍትለት ደግሞ ያው ሰራ ይላል። ከዚሁ ጋር በተያያዘ የአንድ የ12 ዓመት ልጅ ሞት ፍርድ ቤት ደርሷል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሌሊት ተነስቼ ባለቤቴን ቀስቅሼ "እስቲ ጣትሽን ስጪኝ" አልኳት፣ "ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ" አለችኝ፣ አስሩንም ጣቷን አስነካሁት፣ አልከፈተም ተመስገን። የአሻራ ሳጥን ያላችሁ ሰዎች ይሄን ፈተና ዛሬውኑ አድርጉት፣ በራሳችሁ ጣት ሳይሆን ባልተመዘገበ ሰው ጣት።

እሱን አለፈ ብዬ ተደስቼ ሳልጨርስ ሌላ ነገር ሞከርኩ፣ ርካሽ ሳጥኖች አናታቸው ሲመታ ይከፈታሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር። በመዳፌ ጠፍ ጠፍ እያደረግኩ መክፈቻውን ገፋሁት፣ ሦስተኛው ላይ ተከፈተ። በቃ። ውስጡ ያለው መቆለፊያ በኤሌክትሪክ የሚሳብ ቀጭን ፒን ነው፣ ቦታው ላይ የያዘው አንድ ደካማ ስፕሪንግ ብቻ ነው፣ ንዝረት ሲያገኘው ለቅጽበት ዘሎ ይለቃል። ሱቅ ውስጥ ባዶውን እቃ ከማዘዛችሁ በፊት ሻጩ እያየ ሞክሩት፣ ሻጩ ከተናደደ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሌላው የመጠባበቂያ ቁልፉ ነው። ባትሪ ቢያልቅ ብለው ሁለት ክብ ቁልፍ ይሰጧችኋል፣ እና አሁን አዲስ ጥያቄ ተፈጠረ፣ ቁልፉን የት ታስቀምጡታላችሁ? እኔ ቁምሳጥን ውስጥ ከክረምት ልብስ ስር ነበር ያደረግኩት፣ ማንም አያገኘውም ብዬ። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እኛ ቤት ባደረ በማግስቱ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ሳሎን መጣና "አጎቴ፣ ይሄ የምንድነው?" አለኝ። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ሳጥኑን በሳምንቱ ለሌላ ሰው ሰጠሁት፣ አሁን የፓስፖርት ማስቀመጫ ሆኗል፣ ለዛ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው "14 ጠመንጃ የሚይዝ" ተብሎ የተሸጠ ረጅም ቁምሳጥን ነገር። ሁለት ቁልፍ አለው፣ ውስጡ ስፖንጅ አለው፣ ጥቁር ቀለሙ ሻካራ ነገር ስለሆነ ከሩቅ ሲታይ ግርማ አለው። ብቻዬን ከመኪና አውርጄ ፎቅ አወጣሁት። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ አይደል? አንድ ሰው ብቻውን ያወጣውን እቃ አንድ ሌባ ብቻውን ያወርደዋል።

የሚስቴ ወንድም ብየዳ ነው ስራው፣ ሊጠይቀን መጥቶ አየው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ሳቀ። "ይሄ ካዝና አይደለም፣ የልብስ ሎከር ነው" አለኝ። እኔም እልህ ያዘኝና "በል እስቲ ክፈተው" አልኩት። ከመኪናው ረጅም ካቻቢቴ አምጥቶ የበሩን የላይ ጥግ ይዞ ትንሽ ጫን ሲለው ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተጠቀለለ። "ተው ተው እንዳትገነጥለው!" ብዬ ነው ያስቆምኩት፣ የካቻቢቴው ምልክት እስካሁን በሩ ላይ አለ። ከመቆለፊያው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም እኮ፣ ሁለቱም ቁልፎች እንደተቆለፉ ናቸው፣ በሩ ነው የታጠፈው።

ከዛን ቀን ጀምሮ ስለ ላሜራ ውፍረት ማንበብ ጀመርኩ፣ እና በጀት ያነሰው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይሄን ብቻ ቢያውቅ ይበቃዋል ባይ ነኝ። ውፍረቱ በጌጅ ይጻፋል፣ የሚያሳስተው ነገር ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ብረቱ እየሳሳ መሄዱ ነው። 18 ጌጅ ማለት 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የኔ ሎከር ማለት ነው። 14 ጌጅ ወደ 1.9፣ 12 ጌጅ ወደ 2.7፣ 10 ጌጅ 3.4 ሚሊ ነው። በ18 እና በ12 መሃል ያለው ልዩነት ሲጻፍ አንድ ሚሊ ተኩል ነው፣ በእጅ ሲሞከር ግን አንዱ በካቻቢቴ ይታጠፋል ሌላው ረጅም ብረትና ሁለት ሰው ይፈልጋል። ማስታወቂያው ላይ ጌጁ ካልተጻፈ ቀጭን ነው ብላችሁ ደምድሙ፣ ወፍራም ላሜራ የተጠቀመ ፋብሪካ መጻፉን አይረሳም። "የበሩ ውፍረት 10 ሳንቲም" የሚል ነገር ደግሞ አያማልላችሁ፣ ከዛ ውስጥ ብረቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ነው፣ የቀረው ጂፕሰም ቦርድና ምንጣፍ ነው። የመወርወሪያ ብዛትም እንደዛው፣ ዙሪያውን አስር ወፋፍራም የሚያብረቀርቅ ብረት ተደርድሮ ሲታይ ያስደምማል፣ ግን መወርወሪያው የሚይዘው ፍሬም ቀጭን ላሜራ ከሆነ አስርም ሆነ ሃያ ያው ነው። ውጪ ያለ ማጠፊያ ግን ሰዉ እንደሚፈራው አይደለም፣ በማጠፊያው በኩልም በሩን ከውስጥ የሚይዝ ብረት ካለው ማጠፊያው ቢቆረጥም በሩ አይወጣም፣ እንደውም ውጪ ማጠፊያ ያለው በር ሰፋ አድርጎ ይከፈታል።

ሎከሩን አልጣልኩትም። ግድግዳ ላይ አስሬው ጥይትና የማጽጃ እቃ አስቀምጥበታለሁ፣ ጥይቱ ከመሳሪያው ተለይቶ ሌላ ቁልፍ ስር መሆኑን ብዙ አገር ህጉም ያዛል፣ ለዚህ ስራ ብቻ ከሆነ አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ለጠመንጃ አንድ።

እና ሦስተኛው፣ አሁን ያለኝ። 12 ጌጅ ላሜራ፣ 170 ኪሎ፣ በሚዞር ዳያል የሚከፈት፣ በሩ ውስጠኛ ጎን ላይ የዩኤል (እቃ የሚፈትን የአሜሪካ ድርጅት ነው) አርኤስሲ ምልክት ያለው። ይሄ አርኤስሲ የሚባለው የዩኤል 1037 ደረጃ ነው፣ ትርጉሙን ሻጩም አላወቀውም፣ "ትልቁ ደረጃ ነው" ነው ያለኝ። አይደለም። መግቢያው ነው። አንድ ሰው እንደ መዶሻ፣ ካቻቢቴና መፈንቀያ ብረት ያሉ የእጅ መሳሪያዎች ይዞ ለ5 ደቂቃ ታግሎ ያልከፈተው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ያለው ቲኤል 15 የሚባለው በግራይንደርና በድሪል ጭምር ለ15 ደቂቃ ይፈተናል፣ እሱ ግን ክብደቱም ዋጋውም የጌጣጌጥ ነጋዴ እንጂ የኛ አይደለም። አውሮፓ የተሰራ ካገኛችሁ ከአውሮፓ ደረጃዎች ውስጥ ኢኤን 14450 ኤስ1 እና ኤስ2 የሚሉት ቀለል ያሉት ናቸው፣ ኢኤን 1143-1 ግሬድ 0 ደግሞ ከነሱ ከፍ ይላል፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ለሚገዛ የመሳሪያ ካዝና ከግሬድ 0 በታች አትቀበልም። 5 ደቂቃ ስትሉት ትንሽ ይመስላል። ግን ቤት የሚገባ ሌባ ብዙውን ጊዜ የሚቸኩል ነው፣ እና የሚስቴን ወንድም ጠርቼ የዛኑ ካቻቢቴ ይዞ እንዲሞክር ጋበዝኩት፣ የበሩን ጠርዝ አየ፣ ጫፉን የሚያስገባበት ክፍተት ፈለገ፣ አጣ፣ "ግራይንደር ካመጣሁ ግን አትቀልድ" ብሎ ቡናውን ሊጠጣ ሄደ። እውነቱን ነው፣ ግራይንደር ለያዘና ጊዜ ላለው ሰው በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ካዝና ሁሉ ላሜራ ነው።

ለምን ዳያል? በአሻራው ስለተቃጠልኩ ነው ብትሉኝ አልክድም። ሦስት ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ከመቶ የሚመረጥ፣ በወረቀት ላይ አንድ ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው፣ ባትሪ የለው፣ የሚደበቅ ቁልፍ የለው። ጉዳቱ ቀርፋፋነቱ ነው፣ ግራ አራቴ ቀኝ ሦስቴ ምናምን እያላችሁ ግማሽ ደቂቃ ይሄዳል፣ በጨለማ ደግሞ እርሱት፣ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መነጽሩን ፍለጋም ጨምሩበት። ቶሎ መክፈት የሚፈልግ ሰው ቁጥር የሚነካበት ኪፓድ ይውሰድ፣ ደህናው ኪፓድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው፣ ባትሪው ከውጪ ይቀየራል፣ ባትሪው ቢሞት ኮዱ አይጠፋም። ባትሪው አልካላይን ይሁን፣ በዓመት አንዴ ቀይሩት፣ እና ከፋብሪካ የመጣውን ኮድ የመጀመሪያ ቀን ለውጡ። የልደት ቀን አታድርጉ፣ እሱን ልጆቻችሁም ያውቁታል።

የሚይዘው ብዛት ላይ ሳቄ ነው የሚመጣው። "24 ጠመንጃ" ይላል። ሃያ አራት ምን አይነት ጠመንጃ እንደሆነ እንጃ፣ የማነጣጠሪያ መነጽር የሌለው፣ እጀታው ያልወጣ፣ ተደጋግፎ የቆመ ሸምበቆ ከሆነ ምናልባት። መነጽር ያላቸው ሲሆኑ አስር ከገባ ጥሩ ነው፣ እሱም የኋላውን ለማውጣት የፊቱን ሁሉ እያወጣችሁ። የተጻፈውን ለሁለት አካፍሉት፣ ከዛ ደግሞ ዶክመንትና የባለቤታችሁ ወርቅ እንደሚገባበት አስቡ፣ ምክንያቱም ይገባበታል።

እሳቱ ነገር። በሩ ላይ "60 ደቂቃ" ተብሎ ተለጥፏል። ማን ፈተነው ብዬ ስፈልግ ፋብሪካው ራሱ ነው። ውስጡ ያለው ጂፕሰም ቦርድ ነው፣ የቤት ጣሪያ የሚሰራበት ያው ራሱ፣ አሰራሩ ግን ቀልድ አይደለም፣ ጂፕሰም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆን ውሃ አምቆ ይይዛል፣ ሲግል ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ እየወጣ ሙቀቱን ያዘገየዋል። አንድ ንብርብር ካለው ትንሽ፣ ሦስት ካለው ብዙ። የገለልተኛ ፈተና ካለው ዩኤል 72 ክላስ 350 የሚል ያገኛሉ፣ ለተጻፈው ጊዜ ውስጡ ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያልፍም ማለት ነው፣ ወረቀት አይቃጠልም። በኛ በጀት ያንን ከወፍራም ላሜራ ጋር አንድ ላይ አታገኙትም፣ ስለዚህ እኔ ላሜራውን መረጥኩ፣ ዶክመንቶቹን ደግሞ እሳት በሚችል ትንሽ ሳጥን አድርጌ እዛው ውስጥ ከተትኩ።

ማሰር፣ ማሰር፣ ማሰር። 170 ኪሎ ከብዶኝ እኔ አልነቀንቀውም፣ ሁለት ጎረምሶች ግን ካዘነበሉት በኋላ በጀርባው ያንሸራትቱታል፣ ከተጋደመ ደግሞ በሩን ለመፈንቀል ሙሉ ክብደታቸውን ይጭኑበታል። ከስሩ አራት ቀዳዳ አለው፣ ኮንክሪቱ በድሪል ተበስቶ በብረት ፊሸር ታሰረ፣ ሃያ ደቂቃ የፈጀ ስራ ነው፣ ከመበሳታችሁ በፊት ግን ከስር የውሃ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩን አረጋግጡ። በሩ የሚከፈትበትን ጎን ወደ ግድግዳው ጥግ አስጠጉት፣ ረጅም ብረት ይዞ የመጣ ሰው ብረቱን የሚያወዛውዝበት ቦታ እንዲያጣ። ያልታሰረ ባዶ ካዝና በሩ ሲከፈት በራሱ ክብደት ወደ ፊት ሊወድቅም ይችላል፣ ልጅ ያለበት ቤት ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ደግሞ ካርቶኑን ደጃፍ ላይ አትጣሉ፣ ቆራርጣችሁ ጣሉት።

አሁን የኔ ጥፋት። የአባቴን ጠመንጃ ከነቆዳ ማህደሩ አስገብቼ ቆልፌ ሁለት ወር አልከፈትኩትም። ስከፍተው አፈሙዙ አካባቢ ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ጠበቀኝ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ስፖንጅ ያለው ቦርሳም ይይዛል፣ ጂፕሰሙም የራሱ እርጥበት አለው፣ በሩ ደግሞ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋዋል፣ እና የታመቀ ጓዳ ሆነ ማለት ነው። ደንግጬ ያገኘሁትን እርጥበት መሳቢያ ገዝቼ አስገባሁ፣ እሱ ደግሞ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ሆኖ እርጥበቱን ስቦ ስቦ የጨው ውሃ አጠራቀመ፣ ተደፍቶ ወለሉን አበላሸው፣ ጨው እኮ ነው፣ ዝገትን ሸሽቼ ዝገትን በእጄ አስገባሁ። ትክክለኛው ሲሊካ ጄል ነው፣ ቀለሙ ሲቀየር ምድጃ ውስጥ አድርቃችሁ ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበት። መሳሪያውን ያለ ማህደር፣ ስስ ዘይት የነካው ጨርቅ አሳልፋችሁ አቁሙት፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አስገቡና 50 ፐርሰንት አካባቢ እንዳያልፍ እዩት። የመብራት ገመድ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ካዝና ካገኛችሁ ውስጡን ለብ የሚያደርግ ዘንግ ማስገባት ይቻላል፣ የኔ ቀዳዳ የለውም፣ ከሚቆጨኝ ነገር አንዱ ነው።

ለአርኤስሲውም አቅሜ አይደርስም የሚል ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ያገለገለ ነው፣ ቢሮ ሲዘጋ የሚሸጡ አሮጌ ካዝናዎች ብረታቸው ዛሬ ከሚሰራው ይወፍራል፣ ለጠመንጃ ቁመታቸው ባይበቃም ለሽጉጥ ሞልቶ ይተርፋል፣ ኮዱን የሚያውቅ ባለቤት ፊታችሁ ከፍቶ ዘግቶ ካላሳያችሁ ግን እንዳትገዙ፣ ማስከፈቻውና ማጓጓዣው ከእቃው ይበልጣል። ሌላው ግንበኞች ሳይት ላይ እቃ የሚቆልፉበት ትልቅ የብረት ሳጥን ነው፣ ቁልፉ ብረት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚገባ በመቁረጫ አይያዝም፣ ላሜራውም ከሎከሩ ይሻላል፣ ወለል ላይ ታስሮ ብርድ ልብስ ቢለብስ ማንም ካዝና ነው ብሎ አይገምትም። አያምርም። የሚስቴ ወንድም እንደውም እሱን ነበር የመከረኝ፣ እኔ ነኝ ቤት ውስጥ አላስገባም ያልኩት።

ለሦስተኛው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ውስጡ ያለው ምንጣፍ በሦስተኛው ወር ማስቲሹ ለቆ ጣሪያው ላይ ስለተንጠለጠለ ነው፣ ደውዬ ነበር፣ "ዋስትናው መቆለፊያውን ነው የሚሸፍነው" አሉኝ፣ እኔው ገዝቼ ለጠፍኩት።